ለለንደን ነጂ፦ ቤንዚን፣ ሃይብሪድ፣ ፕለግ-ኢን ወይስ ሙሉ ኤሌክትሪክ?

«ሃይብሪድ ከሆነ አይከፍልም» የሚለው ምክር በለንደን ሐበሾች መካከል እስካሁን ይዘዋወራል። አንድ ሰሞን እውነት ነበር። ኮንጀስሽን ቻርጅ (መሃል ለንደን ለሚነዳ መኪና የሚከፈለው የመጨናነቅ ክፍያ) በፌብሩዋሪ 2003 በ5 ፓውንድ ሲጀመር ሃይብሪዱ ቶዮታ ፕሪየስ በነፃ ይገባ ነበር። በ2013 ነፃ የመግቢያው ልክ በኪሎ ሜትር 75 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ተራው ሃይብሪድ በሩ ተዘጋበት። በኦክቶበር 2021 የፕለግ-ኢንም (ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሞላው ሃይብሪድ) ነፃነት ቀረና ነፃ የቀረው ሙሉ ኤሌክትሪክ ብቻ ነበር። ዲሴምበር 25 ቀን 2025 ደግሞ የእሱም ነፃነት አበቃ።

ስለዚህ ዛሬ መኪና የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሃይብሪድ ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «በየትኛው በር፣ በስንት ሰዓት ነው የማልፈው?» ብሎ ነው። ለንደን ውስጥ ያሉት ገደቦች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጭስ ይመዝናል፣ ሌላው መጨናነቅን ያስከፍላል፣ ሌላው ድልድይና ዋሻ ይቆጥራል፣ ሌላው የሥራ ፈቃድ ይከለክላል። ባትሪው በአንዱ በር ሲጠቅም በሌላው ምንም ላይፈይድ ይችላል። (ከዚህ በታች ቀኖቹ በፈረንጅ፣ ሰዓቶቹ በሐበሻ አቆጣጠር ናቸው።)

ዩሌዝ፦ ሞተሩን እንጂ ባትሪውን አያይም

ዩሌዝ (ጭሱ የበዛ መኪና የሚከፍልበት የለንደን ክልል) በኤፕሪል 2019 መሃል ከተማ ላይ ተጀመረ፤ በኦክቶበር 2021 እስከ ኖርዝና ሳውዝ ሰርኩላር መንገዶች ሰፋ፤ ከኦገስት 29 ቀን 2023 ወዲህ የለንደንን ወረዳዎች በሙሉ ይሸፍናል። ሌትም ቀንም ይሠራል፤ በዓመት የሚያርፈው ዲሴምበር 25 ቀን ብቻ ነው። መመዘኛውን ያላሟላ መኪና በተነዳበት ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ይከፍላል።

መመዘኛው «ዩሮ» የሚባለው የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ሲሆን ለቤንዚን ዩሮ 4፣ ለናፍጣ ዩሮ 6 ነው። በዕድሜ ሲታሰብ ከ2006 ወዲህ የተመዘገበ ቤንዚን መኪናና ከሴፕቴምበር 2015 ወዲህ የተመዘገበ ናፍጣ መኪና በአብዛኛው ያልፋሉ። ሃይብሪድ ብሎ ለብቻው የሚቆጥረው ክፍል የለም፤ ሃይብሪድ መኪና የሚመዘነው እንደ ሞተሩ ነው። በዚህ በር ፊት የ2008 ቤንዚን ያሪስና አምና የወጣ ሃይብሪድ ኮሮላ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም አይከፍሉም። ዩሌዝን ብቻ ፈርቶ ደህና የሚሄድ ቤንዚን መኪናውን በሃይብሪድ የሚለውጥ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

ሰው የሚወድቅባቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ። የመጀመሪያው የናፍጣ ሃይብሪድ ነው። ፔጆ 3008 ሃይብሪድ4ን የመሰሉ፣ ከ2011 በኋላ በዩሮ 5 ናፍጣ ሞተር የተሸጡ መኪኖች ጀርባቸው ላይ ሃይብሪድ የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው በየቀኑ 12.50 ያስከፍላሉ። ሁለተኛ ገበያ ላይ የሚረክሱትም ለዚህ ነው። ዋጋው ሲያጓጓ ነዳጁ ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ከጃፓን በቀጥታ የገባ መኪና ነው፤ አልፋርድ፣ ኢስቲማ፣ አንዳንድ ፕሪየስ። እነዚህ ለአውሮፓ ገበያ ስላልተሠሩ በሊብሬያቸው ላይ የዩሮ ደረጃም የጭስ ቁጥርም ላይኖር ይችላል። ሞተሩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሲስተሙ «አያሟላም» ይላል። መፍትሔው የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠኑ በኪሎ ሜትር ከ0.08 ግራም እንደማይበልጥ የሚያሳይ የአምራች ሰነድ ከሊብሬው ጋር አያይዞ ለቲኤፍኤል (ለለንደን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) መላክ ነው። ወረቀቱን ሻጩ ያቅርብ፤ ከገዙ በኋላ ማሳደድ አድካሚ ነው፣ እስኪፈቀድም ክፍያው ይቆጥራል።

የሌሊት ሠራተኞች ልብ ይበሉ፦ የዩሌዝ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። መመዘኛውን በማያሟላ መኪና ከምሽቱ 4 ሰዓት ወደ ሥራ ነድቶ ንጋት ላይ የሚመለስ ሰው የሁለት ቀን፣ ማለትም 25 ፓውንድ ይከፍላል። ቆሞ ያደረ መኪና ግን አይከፍልም፤ የሚቆጠረው ሲነዳ ነው።

ኮንጀስሽን ቻርጅ፦ ጭስ ባይኖርህም ቦታ ትይዛለህ

ይህ በር የሚያስከፍለው ስለ መጨናነቅ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪናም መንገድ ያጣብባል የሚል ነው ክርክሩ። ክልሉ ትንሽ ነው። ከኤውስተን ሮድና ከፔንቶንቪል ሮድ እስከ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል፣ ከታወር ብሪጅ እስከ ፓርክ ሌን ያለው እምብርት ነው። ቀለበት ሆነው የሚዞሩት መንገዶች ራሳቸው ነፃ ናቸው፤ በኤውስተን ሮድ ወይም በፓርክ ሌን ቀጥ ብሎ ያለፈ አይከፍልም፣ ወደ ውስጥ አንዴ የታጠፈ ይከፍላል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ እንዲሁም በባንክ በዓላት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራል። ከገና ቀን እስከ አዲስ ዓመት በዓላቸው ድረስ ያርፋል። እሁድ ጠዋት ክልሉ ውስጥ ላለ ቤተ ክርስቲያን የሚነዳ ሰው ከ6 ሰዓት በፊት ነድቶ ከወጣ ነፃ ነው፤ ቅዳሴው አልቆ ሻይ ጠጥቶ 7 ሰዓት ላይ ቢነሳ ግን ሲወጣ ካሜራው ያነሳዋል።

ከጃንዋሪ 2 ቀን 2026 ጀምሮ ዋጋው 18 ፓውንድ ነው። በዕለቱ ሳይከፍሉ እስከ ሦስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ካቆዩት 21 ይሆናል። ቅናሹ እንዲህ ነው፦ ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና በኦቶ ፔይ (ክፍያው ከባንክ ካርድ በራሱ በሚቆረጥበት የቲኤፍኤል አካውንት) ከተመዘገበ 25 በመቶ ይቀነስለትና 13.50 ፓውንድ ይከፍላል፤ የኤሌክትሪክ ቫን 50 በመቶ ተቀንሶለት 9 ፓውንድ ይከፍላል። ኦቶ ፔይ ሳይከፍት በየቀኑ በእጁ የሚከፍል የኤሌክትሪክ ባለቤት ሙሉውን 18 ይከፍላል፤ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከማርች 4 ቀን 2030 ጀምሮ ቅናሹ ለመኪና ወደ 12.5፣ ለቫን ወደ 25 በመቶ ይወርዳል።

ሃይብሪድስ? ሙሉ 18። ፕለግ-ኢንስ? ሙሉ 18። ክልሉ ውስጥ ሳሉ አንዲት ጠብታ ቤንዚን ባያቃጥሉም ለውጥ የለውም።

ዋሻዎቹ

ከኤፕሪል 7 ቀን 2025 ወዲህ በቴምዝ ወንዝ ሥር በሚያልፉት በብላክዎልና በሲልቨርታውን ዋሻዎች ማለፍ ያስከፍላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በየቀኑ ይሠራል። ለተራ መኪና በጥድፊያ ሰዓት 4 ፓውንድ፣ በሌላው ሰዓት 1.50 ነው። የጥድፊያ ሰዓት የሚባለው ከሰኞ እስከ ዓርብ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ ወደ ደቡብ ሲመለሱ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የ1.50ውን ዋጋም የሚያገኘው በኦቶ ፔይ የተመዘገበ ብቻ ነው። እዚህ የግል ኤሌክትሪክ መኪና ምንም ቅናሽ የለውም። የሚከፈለውም በቀን ሳይሆን ባለፉ ቁጥር ነው።

አሁን ሁሉንም በአንድ ቀን ላይ እንደምር። ከግሪኒች ተነስቶ ጠዋት በሲልቨርታውን ወደ ሰሜን አልፎ መሃል ከተማ የሚሠራና አመሻሹ 11 ሰዓት ላይ በዚያው የሚመለስ ሰው፦

- ዩሮ 5 ናፍጣ (ሃይብሪድ ቢሆንም ባይሆንም)፦ 12.50 + 18 + 8 = 38.50 ፓውንድ
- ዩሮ 4 ቤንዚን፣ ቤንዚን ሃይብሪድ፣ ቤንዚን ፕለግ-ኢን፦ 18 + 8 = 26 ፓውንድ
- ሙሉ ኤሌክትሪክ በኦቶ ፔይ፦ 13.50 + 8 = 21.50 ፓውንድ

በሁለተኛው ረድፍ ላይ ሦስት ዓይነት መኪና አንድ ላይ መሰለፉ ነው ዋናው ነገር። በዋጋ በብዙ ሺህ ፓውንድ የሚለያዩ መኪኖች በካሜራው ዓይን አንድ ናቸው። ኮንጀስሽን ቻርጁን ብቻ በዓመት 230 የሥራ ቀን ብናሰላው ሃይብሪዱ 4,140፣ ኤሌክትሪኩ 3,105 ፓውንድ ይከፍላል፤ ልዩነቱ 1,035 ነው። በየቀኑ ለሚገባ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ በወር ሁለቴ ለሚገባ ግን ልዩነቱ በዓመት 108 ፓውንድ ስለሆነ መኪና አያስለውጥም። ለቫን ባለቤት ሒሳቡ ይጠነክራል፦ በ230 ቀን 4,140 በ2,070 ይተካል። መሃል ከተማ እቃ ለሚያደርስ ሰው ከሁሉም ምርጫዎች ግልጹ ይኸኛው ነው።

ለሚኒካብ ሥራ ከሆነ

ሚኒካቦች ከኮንጀስሽን ቻርጅ ነፃ መሆናቸው በኤፕሪል 8 ቀን 2019 ቀርቷል፤ ለዊልቸር የተመቻቹትና በዝርዝሩ የገቡት ብቻ ቀርተዋል። ዋናው ማነቆ ግን ፈቃዱ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚኒካብ ፈቃድ የሚጠየቅለት መኪና፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ዩሮ 6 ሆኖ ያለ ጭስ መሄድ የሚችል መሆን አለበት። ልኩ ሁለት ነው፦ ካርቦኑ በኪሎ ሜትር እስከ 50 ግራም ሆኖ በባትሪ ብቻ ቢያንስ 10 ማይል፣ ወይም እስከ 75 ግራም ሆኖ ቢያንስ 20 ማይል የሚሄድ።

ሶኬት ላይ የማይሰካ ተራ ሃይብሪድ ይህን ልክ አያሟላም። ፈቃድ ኖሯቸው ሥራ ላይ ያሉ ፕሪየሶችን አይቶ «እሱ እየሠራ ነው» ብሎ ተመሳሳዩን መግዛት ውድ ስሕተት ነው፤ እነሱ የቀድሞ ፈቃዳቸውን እያደሱ ያሉ ናቸው፣ አዲስ አመልካች በዚያ በር አይገባም። የፕለግ-ኢን ቁጥርም በሞዴል ስም አይታወቅም። አንዱ ሞዴል ጎማው ሲሰፋ ወይም ዓመቱ ሲለወጥ ግራሙ ይለወጣል፤ የሚታየው የዚያች አንዷ መኪና ሊብሬ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ፕለግ-ኢን ፈቃድ ያሰጣል፣ ግን ለሙሉ ቀን ሚኒካብ ደካማ ምርጫ ነው። ብዙዎቹ ባትሪያቸው ከ30 እስከ 40 ማይል ገደማ ይወስዳል፤ በቀን 150 ማይል የሚሠራ ሹፌር ቀሪውን ከ110 ማይል በላይ ከባድ ባትሪ ተሸክሞ በቤንዚን ይነዳል። አብዛኞቹ በፈጣን ቻርጀር አይሞሉም፤ በ3.6 ኪሎዋት 10 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት ሦስት ሰዓት ያህል ይቆማሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ማሞቂያው ሲከፈት ባትሪው ሙሉ እያለ ሞተሩ የሚነሳባቸው አሉ። በአንጻሩ በዋሻዎቹ ላይ ያለ ጭስ መሄድ የሚችል ፈቃድ ያለው ሚኒካብ ሥራ ላይ ሳለ ቅናሽ አለው፤ ይህ ፕለግ-ኢንንም ይጨምራል፣ ምዝገባው ግን ግዴታ ነው።

ቤትህ መሰኪያ አለ?

ይህ ጥያቄ ከክፍያዎቹ ሁሉ ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። አንድ ኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.5 ማይል ይሄዳል እንበል። ቤት ውስጥ በሌሊት ታሪፍ 7.5 ፔኒ ከከፈለ ማይሉ 2 ፔኒ ገደማ ይመጣል። መንገድ ዳር ፈጣን ቻርጀር 80 ፔኒ ካስከፈለው ማይሉ 23 ፔኒ ይሆናል። በጋሎን 55 ማይል የሚሄድ ሃይብሪድ፣ ሊትሩ 1.35 ፓውንድ ሲሆን፣ ማይሉ 11 ፔኒ ነው። ማለትም ፎቅ ላይ የሚኖር፣ የራሱ መቆሚያ የሌለው፣ ሁልጊዜ በፈጣን ቻርጀር የሚሞላ ሰው ከሃይብሪድ ነጂ እጥፍ ይከፍላል። የግብር ልዩነቱም ያባብሰዋል፦ የቤት መብራት ላይ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 5፣ የመንገድ ቻርጀር ላይ 20 በመቶ ነው። መካከለኛው መንገድ ሌሊት በመብራት ምሰሶ ላይ በዝግታ መሙላት ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ስንት እንዳለ፣ ማታ ባዶ መገኘቱንም መኪና ከመግዛት በፊት ሁለት ሦስት ቀን ዞሮ ማየት ይበጃል።

ወደፊት የሚመጣም አለ። መንግሥት በኖቬምበር 2025 በጀቱ ከኤፕሪል 2028 ጀምሮ ኤሌክትሪክ መኪና በማይል 3 ፔኒ፣ ፕለግ-ኢን 1.5 ፔኒ እንዲከፍሉ አስታውቋል፤ በ10,000 ማይል 300 እና 150 ፓውንድ ማለት ነው።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ሲገዛ የሶኬቱን ዓይነት ማየት አይዘንጋ። ከአዲሱ ሞዴል በፊት የነበረው ኒሳን ሊፍ በፈጣን ቻርጀር የሚሞላው በቻዴሞ ሶኬት ነው፤ አዳዲስ ጣቢያዎች የሚተክሉት ግን በአብዛኛው ሲሲኤስን ነው። በዚያ ላይ የዚህ ሊፍ ባትሪ በፈሳሽ ስለማይቀዘቅዝ በአንድ ቀን ደጋግሞ በፍጥነት ሲሞላ ይግላል፣ ሲግል አሞላሉ ይዘገያል። ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ቤተሰብ ርካሽና ደህና መኪና ነው፤ ለሚኒካብ አይመከርም።

ክልሉ ውስጥ ለሚኖር

በኮንጀስሽን ቻርጅ ክልል ውስጥ የሚኖር ሰው ተመዝግቦ የ90 በመቶ ቅናሽ ያገኛል፤ 18ቱ 1.80 ይሆናል። ከማርች 1 ቀን 2027 ጀምሮ ግን አዲስ አመልካች ይህን የሚያገኘው መኪናው ኤሌክትሪክ ከሆነ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተመዘገቡት ይቀጥላሉ። ወደ ክልሉ ለመግባት ያሰበና ቤንዚን ወይም ሃይብሪድ መኪናውን መያዝ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቀን በፊት መመዝገብ ይኖርበታል። የመኖሪያ ፓርኪንግ ፈቃድም በብዙ ወረዳዎች በጭስ መጠን ስለሚተመን የራስን ወረዳ ሰንጠረዥ ማየት ነው።

ቀብድ ከመክፈል በፊት

ታርጋውን ቲኤፍኤል ድረ ገጽ ላይ ባለው ነፃ መፈተሻ ያስገቡ። ፍለጋ ላይ መጀመሪያ የሚመጡት ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ የሦስተኛ ወገን ናቸው፤ በክፍያው ላይ የራሳቸውን ጨምረው ያስከፍላሉ። ቀጥሎ ሊብሬውን፣ እዚህ ቪ5ሲ የሚሉትን፣ በዓይን ይዩ እንጂ በቃል አይመኑ፦ ፒ.3 የነዳጁን ዓይነት፣ ቪ.3 ናይትሮጅን ኦክሳይዱን፣ ቪ.7 ካርቦኑን ይነግራል። ቪ.3 ባዶ ከሆነ ከላይ ያልነው የጃፓን ጣጣ ሊሆን ይችላል። ለመለወጥ ይረዳ የነበረው የዩሌዝ ድጎማ በሴፕቴምበር 2024 ስለተዘጋ «መንግሥት ይከፍልልሃል» የሚል ሻጭ ካለ አይስሙት።

ከለንደን ውጪ የሚነዱም ያስቡበት። በርሚንግሃም በቀን 8፣ ብሪስቶል 9 ፓውንድ የሚያስከፍሉት በዚያው በዩሮ 4 እና ዩሮ 6 ልክ ነው፤ ዩሌዝን ያለፈ ሃይብሪድ እዚያም ያልፋል። ኦክስፎርድ መሃል ባለው የዜሮ ጭስ ክልል ክፍያ ግን ነፃ የሚሆነው ጭስ የሌለው መኪና ብቻ ነው፤ ፕለግ-ኢን ይከፍላል። የቲኤፍኤል ኦቶ ፔይ እነዚህን ከተሞችም የዳርትፎርድ መሻገሪያንም አይሸፍንም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚከፈለው።

ቅጣቱ 180 ፓውንድ ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 90፣ ዝም ከተባለ እስከ 270 ይደርሳል። ቅጣት የሚመጣው ደንቡን ካለማወቅ ብቻ ሳይሆን ኦቶ ፔይ ላይ ያለው የባንክ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ ወይም የአዲሱ መኪና ታርጋ ሳይመዘገብ ሲቀርም ነው። መኪናውን የሸጡ ቀን ታርጋውን ከኦቶ ፔይ ያውጡ፤ አለበለዚያ አዲሱ ባለቤት በገባ ቁጥር ገንዘቡ ከእርስዎ ካርድ ይቆረጣል።